ቡችላው የማን ነው?

በጥር የተጋቡ ወዳጆቻችን ሚያዝያ ላይ ቡችላ ያመጣሉ። ድንኳኑ ከተነቀለ፣ መልሱና ቅልቅሉ ካለፈ፣ የዘመዱም ጥየቃ ከበረደ በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። ያን ጊዜ አንድ ነጭ ጸጉራም ቡችላ በካርቶን ተይዞ ይገባል። ስሙም ቦቢ ይባላል። (መቼም ለውሻ ከቦቢ ሌላ ስም የተፈጠረ አይመስልም።)

ይህን ያዩ እናቶች «ልጅ ሳይቀድም ውሻ!» ብለው ያማትባሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለት ሰዎች ከራሳቸው ሌላ የሚያስቡለት ፍጡር ቢኖራቸው ምን ይጎዳል? ውሻ ካለበት ቤት መልአክ አይገባም የሚለውንም ለባለ እምነቱ እተወዋለሁ። የእኔ ጠብ ከሌላ ነገር ጋር ነው፤ ሙሽሮቻችን ቡችላውን ያመጡታል እንጂ አያሳድጉትም።

ለምን አመጣችሁት ቢባሉ ባል «ለጥበቃ» ይላል፤ ሚስት «ለጨዋታ» ትላለች። እንግዲህ በአንድ ቡችላ ላይ ሁለት ውሻ ታልሟል ማለት ነው፤ አንደኛው በሰንሰለት ታስሮ የሚከፋ፣ ሁለተኛው ሶፋ ላይ ወጥቶ የሚዳበስ። በዚህ ጉዳይ አልተነጋገሩም። ስለ ሶፋው ቀለም ግን ሦስት ሳምንት ተከራክረዋል። በመጨረሻ ለቡችላው የሚደርሰው ሰንሰለቱ ነው። የሚመግበው ባል አይደለም፣ ሚስትም አይደለችም፤ የቤት ሠራተኛዋ ናት። እሷን ደግሞ «ውሻ ትወጃለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም።

ታስሮ ያደገ ውሻ ጎበዝ ጠባቂ ይወጣዋል የሚል አጉል እምነት አለን። ቡችላ ሰው የሚለምደው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ነው። በዚያ ዕድሜው ልጅ፣ እንግዳ፣ ጎረቤት ያላየ ውሻ ሲያድግ ጀግና ሳይሆን ፈሪ ይሆናል። ፈሪ ውሻ ደግሞ የሚነክሰው ሌባውን ሳይሆን ኳሱን ሊያነሳ የገባውን የጎረቤት ልጅ ነው።

ነገሩ ከጨዋታ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በበሽታው ከሚያዙት ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የሚይዛቸው ከውሻ ነው። መከላከያው ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የሚወጋውና በየጊዜው የሚደገም ክትባት ነው። ለሠርጉ ቪዲዮ የተከፈለውን እያወቅን የክትባቱን ዋጋ ውድ ነው የሚለን ሰው ካለ ይምጣና እንከራከር። ለመሆኑ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት ከሙሽሮቻችን ስንቶቹ ያውቃሉ?

ቡችላዋ ሴት ከሆነች መከራው የባሰ ነው። ውሻ የምታረግዘው ሁለት ወር ብቻ ነው። የወለደቻቸው በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥረው ወንዝ ዳር ይጣላሉ። ከተጣሉት የተረፉት ደግሞ የጎዳና ውሻ ይሆናሉ። ማዘጋጃ ቤትም እንዲህ ያሉትን በመርዝ ሲያስወግድ ኖሯል። ሌሊት በጩኸታቸው እንቅልፍ አጣሁ ብሎ አቤት የሚለው ከረጢቱን የወረወረው ሰው ራሱ ነው። ሐኪም ዘንድ ወስዶ ማስመከን ግን ነውር ይመስለዋል።

የቤት ኪራይ ነገርም አለ። አዲስ ተጋቢ በአንድ ቤት አይረጋም። ዓመት ሳይሞላ ኪራይ ይጨመርበታል፣ ወይም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ያገኛል። አዲሱ አከራይ «ውሻ አላስገባም» ይላል። ይህን ቡችላው በካርቶን ሲገባ ማወቅ ይቻል ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ የበላበት ቤት ጥሎት ሲሄድ ስለሚሆነው ግን ተረት የለንም። በሰፈሬ እንዲህ የቀረ አንድ ቦቢ አለ። ጌቶቹ ፍሪጁን፣ ሶፋውን፣ የሠርጉን ትልቅ ፎቶ ሳይቀር በአይሱዙ ጭነው ሄዱ። ሰንሰለቱንም ፈትተው ወስደዋል።