ሲንጀሯን ማን አስወጣት?

እስቲ ከእናንተ መካከል ምንም ዕዳ የሌለበት እጁን ያውጣ… አየን፣ ማንም የለም። (ከእኛ አንዱ ሊያወጣ ሞክሮ የሱቁ ዱቤ ትዝ ሲለው መልሶ አስገብቷታል።) እንግዲያው ዛሬ ስለ ዕዳ እናውራ። ስለ አከፋፈሉ አይደለም። ያልተከፈለ ዕዳ መኪና ተከራይቶ ቤታችሁ ድረስ ሲመጣ ስለሚሆነው ነው።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ተክለ ሃይማኖት፣ አንዳችን ባደገበት ግቢ ነው። በግቢው የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም የሚሰፉ አንዲት እናት አሉ። ስማቸው ይቅር፣ እትዬ እንበላቸው። እትዬ ለዘመድ ልጅ የብድር ዋስ ሆነው ፈረሙ። ልጁ ጠፋ፣ አበዳሪው ከሰሰ፣ ተፈረደለት። ዕዳ ከሜዳ ማለት እንዲህ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአፈጻጸም ሠራተኛ፣ ፖሊስና የአበዳሪው ወኪል አይሱዙ አስከትለው መጡ። ቴሌቪዥኑ ወጣ። ፍሪጁ ወጣ። ሲንጀሯ ወጣች። ደባላቸው የሆነው የኮሌጅ ተማሪ ላፕቶፕ ሳይቀር ተመዝግቦ ወጣ። እትዬ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ከበሩ ጎን ቆመው ነበር። በዚያ ሁሉ ሰዓት ከአፋቸው የወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ቶሎ በሉልኝ»።

ጎረቤት ሳያይ ማለታቸው ነው።

አሁን ልብ በሉልን። ከአራቱ ዕቃዎች ሁለቱ ከዚያ ቤት መውጣት አልነበረባቸውም። ይህን የምንለው አንጀታችን ስለተላወሰ አይደለም፣ ሕጉ ስለሚል ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 404 ላይ ፍርድ ያረፈበት ሰው ምን ምን እንደማይነካበት ተጽፏል። የእሱ፣ የሚስቱና የልጆቹ አስፈላጊ ልብስ፣ የምግብ ማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የአልጋ ልብስ አይያዝም። በሙያው የሚሠራበት መሣሪያ አይያዝም። ገበሬ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለኑሮው ያስፈልጉታል የሚላቸው ከብቶችና ዘር አይያዙም። ለእሱና ለቤተሰቡ ለ3 ወር የሚበቃ ምግብና ገንዘብም፣ መጠኑን ፍርድ ቤቱ እየገመተ፣ ይተውለታል። ጡረታና ቀለብ አይነኩም። ከደመወዙም ሁለት ሦስተኛው የእሱ ነው።

ሲንጀር ለልብስ ሰፊ ምንድን ናት? የሙያ መሣሪያ ናት። አለቀ!

ላፕቶፑ ደግሞ የእትዬ አልነበረም። የሌላ ሰው ንብረት በስህተት ሲያዝ ባለቤቱ «የእኔ ነው» ብሎ ትእዛዙን ለሰጠው ፍርድ ቤት በቁጥር 418 መሠረት ያመለክታል፣ ፍርድ ቤቱም ያጣራል። ከወላጅ ጋር የምንኖር ወይም በደባልነት የተጠጋን ሁሉ ይህችን ቁጥር እንያዛት። የገዛችሁበትን ደረሰኝም አትጣሉ። (ደረሰኝ እንዴት እንደሚቀበሉ ለማያውቁ የመርካቶ ደንበኞች ሌላ ቀን እንጽፋለን።)

ታዲያ እትዬ ለምን ዝም አሉ? ሕጉን ስለማያውቁ ነው ብንል ግማሹን ብቻ መናገራችን ነው። ቢያውቁስ ይናገሩ ነበር? እኛ እንጃ ነው የምንለው። በእኛ አገር ባለዕዳ መሆን ገንዘብ ማጣት ብቻ አይደለም፣ መታየትም ነው። በድሮው ሥርዓት ተበዳሪና አበዳሪ በቁራኛ ታስረው አብረው ይውሉ ነበር። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይከተላል፣ አገር ያያል። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ስንል ከዚያ የተረፈውን ቃል እያወራን ነው። ሰንሰለቱ ቀርቷል፣ ሀፍረቱ ግን አልቀረም። አይሱዙ በር ላይ ቆሞ ሰፈርተኛ ሲሰበሰብ የማይነካ ንብረት የሚነካው በሕግ ክፍተት ሳይሆን በይሉኝታ ነው።

የአበዳሪውን መብት እየካድን አይደለም። ብሩ የላቡ ነው፣ ዋስም ዋስ ነው። እትዬ መፈረም እንዳልነበረባቸው እኛም ነግረናቸዋል (ከረፈደ በኋላ ቢሆንም)። ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ቢሸጡ ማን ይከራከራል? ግን መንገድ አለው። አበዳሪው ይከሳል፣ ያስፈርዳል፣ የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍታል፣ ፍርድ ቤቱ ያዝዛል፣ ንብረቱ ተመዝግቦና ተገምቶ በሐራጅ ይሸጣል። በአራጣ ያበደረ ሰውዬ ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ «ቴሌቪዥኑን ወስጄ ዕዳውን አቻችላለሁ» ቢል ግን ሰብሳቢ ሳይሆን የሰው ቤት ደፋሪ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 መኖሪያ ቤታችንንና በእጃችን ያለውን ንብረት ይጠብቃል፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያለፈቃድ የሰው ቤት መግባትን ይቀጣል። ስለዚህ በር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ትእዛዙን ላንብበው» ነው። ሁለተኛው «ይህ የሥራ መሣሪያዬ ነው፣ ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ» ነው። መሳደብ አያስፈልግም፣ መጎተትም አያስፈልግም። ፖሊስ የያዘውን ዕቃ መንጠቅማ ሌላ መዝገብ ያስከፍታል።

ቤት አስይዞ ከባንክ የተበደረ ግን በዚህ ጽሑፍ እንዳይጽናና። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዶላቸዋል። እዚያ ጋ የሚያዋጣው ማስጠንቀቂያው በደረሰ ማግስት ባንክ ሄዶ መነጋገር እንጂ ቁጥር 404ን መምዘዝ አይደለም።

ሕጉን እያሞገስን ብቻ እንዳይመስልባችሁ። ቁጥር 404 አርጅቷል። የቀን ገቢው ከ2 ብር የማይበልጥ ሰው ደመወዙ ሙሉ በሙሉ አይነካም ይላል። በወር 60 ብር መሆኑ ነው። በ1958 ይህ የድሀ መጠለያ ነበር፣ ዛሬ 60 ብር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ምሳ አያበላም። ስለዚህ የጥበቃ ሠራተኛውም ሆነ የጽዳት ሠራተኛዋ ከደመወዛቸው ሲሶው ሊቆረጥ ይችላል፤ መጠለያው ቁጥሩ ሳይነሳ ፈርሷል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ ባዋሉት ደንብ ዕዳ ሰብሳቢ በመደበኛው ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቤት አይገባም፣ የሥራ መሣሪያም እስከ 1,350 ፓውንድ ድረስ አይነካም። የሚገርመው የእኛው አንቀጽ በመሣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም፣ በዚህ እኛ እንሻላለን! ምን ዋጋ አለው፣ እነሱ ለተርታው ሰው በሚገባው ቋንቋ ጽፈው ያድላሉ፣ የእኛው መጽሐፍ ውስጥ ተኝቷል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከእያንዳንዱ የአፈጻጸም ትእዛዝ ጋር የማይያዙት ንብረቶች የተዘረዘሩባት አንዲት ገጽ ትያያዝ። ሠራተኛው ዕቃ ከመመዝገቡ በፊት ለባለቤቱ ጮክ ብሎ ያንብባት። ባለዕዳው ሀፍረት አፉን ቢይዘው እንኳ ወረቀቷ ትናገርለት። ያቺን የ2 ብር ነገር ደግሞ የሚመለከተው አካል ይፈልግላት።

ተማሪው በ418 አመልክቶ፣ ደረሰኙን አሳይቶ ላፕቶፑን መልሷል። የእትዬ ሲንጀር ማንም ሳይቃወም በሐራጅ ተሸጣለች። አሁን በሰው ሲንጀር ነው የሚሰፉት፣ ኪራይ በየሳምንቱ ይከፍላሉ። የዋስትናው ዕዳ ደግሞ ገና አላለቀም።