ከጣና ዳር የጠጣነው ቡና

በአገራችን ለሥራ፣ ለኀዘን ወይም ለዘመድ ጥየቃ ካልሆነ በቀር ብቻን መንገድ መነሣት እምብዛም አልተለመደም። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጓዛችንን ሸክፈን ወደ ባሕር ዳር ስንነሣ እናታችን የጠየቁን «ማን ሞቶ ነው?» ብለው ነበር። ሐይቁን ለማየት ብቻ መሆኑን ብንነግራቸውም አላመኑንም።

ወቅቱ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የጠራበት፣ ማለዳው ግን ጋቢ የሚያስደርብ ነበር። ጣና ጧት ጧት ጸጥ ብሎ ይተኛል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ያይላል፤ በመሆኑም ጀልባ ፈላጊ ማልዶ ይወጣል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ዘጌ ተሻግረን በቡናው ደን ውስጥ ስንዘዋወር ዋልን። ዙህርን እንደ መንገደኛ አሳጥረን ብቻችንን ሰገድን። ማታ አሣ ቤት ገብተን ቆሮሶ ስናዝዝ አሳላፊው «ሌላ ሰው ይመጣል?» አለን። ብቸኝነት የከበደን ያኔ ነው።

በማግሥቱ ዳር ዳሩን ስንሄድ አንድ አዛውንት የደረቀ ደንገል በገመድ እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ አገኘን። ነገደ ወይጦ ናቸው። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ሊመታው እንደሚገባ፣ ደንገሉም እንደ ድሮው በቅርብ እንደማይገኝ አጫወቱን። በ2011 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም ለአሣ አስጋሪው ሌላ መከራ ሆኖበታል።

ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ የነበራቸው ሲሆን ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ሥጋውን ይበሉ ስለነበር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ከእነርሱ ጋር ማዕድ መቁረስን ሲጸየፍ ኖሯል።

አዛውንቱ ቡና እንድንጠጣ ቤታቸው አስገቡን። ዕጣኑ ጨሰ፤ ስኒው ቀረበልን። እጃችን ግን ዘገየ። ከልጅነታችን የሰማነው ወሬ በዚያች ቅጽበት ትዝ አለን። አዛውንቱ አይተውናል። ቁጣ በሌለበት ድምፅ «ልጄ፣ ባትጠጣም አንቀየምም፤ ለምደነዋል» አሉን።

ከጓደኞች ጋር ሄደን ቢሆን «እንቸኩላለን» ብሎ የሚያስወጣን አንድ ሰው አይጠፋም ነበር። ብቻችንን ስለነበርን የምንደበቅበት አልነበረም። ቢስሚላህ ብለን ጠጣን፤ እስከ በረካው ቆየን። ይሁን እንጂ ያቺ መዘግየት መጠጣታችን ያጠፋት ነገር አይደለችም፤ እርሳቸው አይተዋታል፣ እኛም እናውቃታለን።

ወላጆች ሆይ! እኛን ጉማሬ ስለሚበላ ሰው ሲነግሩን በክፋት አልነበረም፤ እሳት ዳር እንደ ቀልድ ነበር። ቀልዱ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ እጃችንን ያዘው። ልጆቻችን በየቤታችን ስለማን ምን እየሰሙ እንደሚያድጉ ዛሬ ማታ ማዕድ ስንቀርብ እናስብበት።

ስንመለስ እናታችን «ታዲያ ምን አየህ?» አሉን። ስለ ሐይቁ ከመናገራችን በፊት ስለ ቡናው ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ያንን ወሬ የነገርንህ እኛ ነን» አሉ።