የሻገተው እንጀራ

 

ሰሞኑን አንድ ወንድም ምክር ሊጠይቀኝ ፈልጎ ቡና ጋበዘኝ። ለጓደኛው የመኪና ብድር ዋስ ሊሆን፣ እዚህ አገር ኮሳይን የሚሉትን ሊፈርምለት አስቧል። «ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ሥራ አለው፣ የደመወዝ ወረቀቱንም አሳይቶኛል» አለኝ። «ጸለይክበት ወይ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቅ አለና «ኧረ ይኼ እኮ ጸሎት የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ ግልጽ ነው!» አለኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ይህችኑ ቃል ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ ተናግሬያታለሁና።

በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የገባዖን ሰዎች ታሪክ ተጽፏል። እነዚህ ሰዎች በኢያሪኮና በጋይ የደረሰውን ሰምተው ፈሩና መላ ፈጠሩ። በአህዮቻቸው ላይ አሮጌ ከረጢት ጫኑ፤ የተቀደደና የተጠገነ የወይን ጠጅ አቁማዳ ያዙ፤ ያለቀ ጫማ ተጫሙ፤ ለስንቅ ደግሞ ደርቆ የሻገተ እንጀራ ቋጠሩ። ከዚያም ጌልገላ ወዳለው የእስራኤል ሰፈር መጥተው ከሩቅ አገር ነው የመጣነው፣ ቃል ኪዳን ግቡልን አሉ። ያ «ሩቅ አገር» ምን ያህል ይርቅ እንደ ነበር ማወቅ ከፈለጋችሁ የሚቀጥለውን ምዕራፍ አንብቡ፤ ኢያሱ ከጌልገላ ተነሥቶ ሌሊቱን ሲገሠግሥ አድሮ ነው የደረሰው። የአንድ ሌሊት መንገድ!

እዚህ ላይ የእስራኤልን አለቆች እንደ ሞኝ መቁጠር ይቀናናል። እኔ ግን ደጋግሜ ሳነበው ሞኝነት አላየሁባቸውም። መጀመሪያውኑ ጠርጥረዋል፤ ምናልባት እዚሁ አጠገባችን የምትኖሩ ብትሆኑስ ብለው ጠይቀዋል። ኢያሱም እነማን እንደ ሆኑና ከወዴት እንደ መጡ መርምሯቸዋል። ከስንቃቸውም ወስደው አይተዋል። ከዚህ በላይ አንድ ጠንቃቃ ሰው ምን ያደርጋል? ሻጋታው እኮ እውነተኛ ሻጋታ ነው! ጫማውም በእርግጥ ያለቀ ነው። ሐሰት የሆነው ከዕቃው ጋር የመጣው ወሬ ነው። ዓይናቸው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ዓይናቸው ካየው ተነሥተው የደመደሙት ነገር ነው። መጽሐፉ የሚወቅሳቸውም በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግዚአብሔርን አልጠየቁም። ካህኑ አልዓዛር እዚያው ሰፈር ውስጥ ነበር፤ ኢያሱ በእርሱ በኩል እንዲጠይቅም አስቀድሞ ታዞ ነበር፤ ዘኍልቍ 27። ነገሩ ግልጽ ስለ መሰላቸው ግን የሚጠይቁት አልታያቸውም።

የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። ለኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ እንጾማለን፣ እንሳላለን፣ ወዳጅ ዘመዱን ሁሉ ጸልዩልኝ እንላለን፤ ምክንያቱም ከአቅማችን በላይ መሆኑን እናውቃለን። ሥራ ስንቀይር፣ ከሰው ጋር ንግድ ስንከፍት፣ ዕቁብ ስንሰበስብ ግን እናውቀዋለን ብለን እንገባበታለን። ከፈረምን በኋላ ነው ጌታ ሆይ ባርክልን የምንለው።

እኔም ለአንድ የአገሬ ልጅ እንዲሁ ፈረምኩለት። ያሳየኝ የደመወዝ ወረቀት ፍጹም እውነተኛ ነበር። ወረቀቱ ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ሰውየው ከተማውን ሊለቅ መቁረጡን ነው። በአራተኛው ወር ስልኩ ተዘጋ፤ ዕዳው ወደ እኔ ዞረ። አገር ቤት ያለችው እናቴ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ነበርና ለሕክምናዋ ያጠራቀምኳት ገንዘብ ለማላውቀው መኪና ወርሃዊ ክፍያ ሆነች። እናቴ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ዓይኗ ቆየች። በስልክ ስትጠይቀኝ እውነቱን አልነገርኳትም፤ ሥራ ቀዝቅዟል እላት ነበር።

የሚያሳፍረው ደግሞ ሌላ ነው። ሳሎኔ ውስጥ ምሳሌ 3፥5 በጥልፍ ተሠርቶ፣ በፍሬም ገብቶ ተሰቅሏል። በራስ ማስተዋል ስላለመደገፍ የሚናገረውን ቃል የማያውቅ የለም። ከዚያ ሦስት ምዕራፍ ብቻ ራቅ ብሎ፣ እዚያው ምሳሌ 6 መግቢያ ላይ፣ ለባልንጀራው ዋስ ስለ ሆነ ሰው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ። እኔ ጥቅሱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ መጽሐፉን አልገለጥኩም!

እንዲህ ስል አእምሯችሁን አውልቃችሁ ጣሉ ማለቴ አይደለም። ደግሞም በየስብሰባው እየተነሣ «ጌታ ነግሮኛል» እያለ የሰው ልጅ ለትዳር የሚጠይቀውን፣ ብድር የሚለምነውን ሁሉ እመኑ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ይኼኛው የራስን ፍላጎት በእግዚአብሔር ስም ማሳለፍ ነው። መጠየቅ ማለት ከዚያ የቀለለ ይመስለኛል። መጽሐፉን መግለጥ፣ ከጉዳዩ ጥቅም የሌለውን ሰው ማማከር፣ ለባለቤት ከመፈረም በፊት መንገር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መቆየት። የገባዖን ሰዎች ጎረቤት መሆናቸው የታወቀው ቃል ኪዳን በተገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ሦስት ቀን ብቻ ቢታገሡ ኖሮ እውነቱ በራሱ እግር ይመጣላቸው ነበር።

ስሕተቱ ከተገለጠ በኋላ የሆነውም ሊነገር ይገባዋል። ሕዝቡ ቢያጉረመርምም አለቆቹ መሐላቸውን አላፈረሱም። ገባዖናውያን እንጨት ቆራጭና ውኃ ቀጂ ሆነው በሕይወት ኖሩ፤ አምስት ነገሥታት በከበቧቸው ጊዜም ኢያሱ ደርሶ ተዋጋላቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳኦል ያንን መሐላ ጥሶ ቢገድላቸው፣ በዳዊት ዘመን ለሦስት ዓመት ረኀብ የሆነው በዚሁ ምክንያት እንደ ነበር በ2ኛ ሳሙኤል 21 ተጽፏል። ሳይጠይቁ የገቡት ቃልም ቃል ነው። እኔም «ተወው፣ መኪናውን ይውሰዱት» ያሉኝ ብዙዎች ነበሩ፤ ፊርማው ግን የእኔ ነበርና እስከ መጨረሻው ከፈልኩ። እናቴም በኋላ ታከመች።

ለዚያ ወንድም ይህንኑ ነገርኩት። «መኪና ሻጩ እስከ ነገ ብቻ ነው የሚይዝልን» አለኝ። እስከ ሰኞ ቆይና ደውልልኝ አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ስኒውን ሲያዟዙር ቆየ። ይህን ስጽፍ ገና ቅዳሜ ነው።