የተጣለ ዕቃ ሁሉ ከንቱ አይደለም

ሰው በገንዘቡ የገዛውን ዕቃ ጥቂት ዘመን ከተገለገለበት በኋላ፤ ባረጀ ወይም በተሰበረ ጊዜ ከደጁ አውጥቶ ሲጥለው ነገሩ በዚያው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ከቤት የወጣ ዕቃ ከዓይን ይሰወራል እንጂ ከምድር አይጠፋም። ወይ በብልህ እጅ ታድሶ ሁለተኛ አገልግሎት ይሰጣል፤ ወይም በአንድ ስፍራ ተከማችቶ ለመንደሩ ሁሉ ሸክም ይሆናል። ከሁለቱ መንገዶች ወደ አንዱ የሚመራው በመጀመሪያ የዕቃው ባለቤት ስለ ሆነ፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ይህን ነገር በሚገባ ሊያስብበት ያስፈልጋል።

አሮጌውን ለአዲስ ሥራ ማዋል ለአገራችን ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። እናቶቻችን ቅል ሲሰነጠቅባቸው ሰፍተው ይገለገሉበት ነበር። እንስራ ሲሰበር ገሉ ፍም ለመውሰጃና ዕጣን ለማጨሻ ይሆናቸው ነበር። የፋብሪካ ዕቃ በአገሩ ከበዛ በኋላም ይኸው ብልሃት አልተቋረጠም። ባዶው ጣሳ ክር ገብቶለት ኩራዝ ሆነ፤ በገበያም የእህል መስፈሪያ ሆነ። ያለቀው የመኪና ጎማ ተቈርጦ በረባሶ ሆነ፤ በእሾህና በጠጠር መንገድ ለሚሄደው ገበሬም እግሩን ጠበቀለት። የዘይት ጀሪካንም ዘይቱ ካለቀ በኋላ የውሃ መቅጃ ሆኖ፤ ከባዱን የሸክላ እንስራ በጀርባቸው ይሸከሙ ለነበሩት ሴቶች ሸክሙን አቀለለላቸው።

ይህ ጥበብ በሰፊው የሚታይበት ስፍራ በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። በዚያ የሚሠሩት ሰዎች በርሜሉን ቀጥቅጠው ምድጃ፤ ቆርቆሮውን አጥፈው ሣጥን፤ ብረቱን አቅንተው ልዩ ልዩ የቤት መሣሪያ ያደርጉታል። ለእነርሱም ዕቃውን ከየመንደሩ ለቅሞ የሚያደርስላቸው አለ። ይኸውም በየደጁ እየተጣራ ጠርሙስና ጣሳ፤ ብረትና ያረጀ ጫማ የሚገዛው ቆራሌው ነው። አሮጌ ልብስ ተቀብላ በምትኩ የቤት ዕቃ የምትሰጠው ልዋጭም ከዚሁ ሥራ ተካፋይ ናት። እነዚህ ሰዎች በራሳቸው ድካም ኑሮአቸውን ሲያሸንፉ፤ ከተማውንም ከብዙ ጥራጊ ያሳርፉታል።

ይሁን እንጂ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ክብር ሲያገኝ አይታይም። በቀድሞ ዘመን ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ይሰደቡ ስለ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው የታወቀ ነው። ዛሬም ቆራሌውን በንቀት ዓይን የሚያይ፤ ከአሮጌ ብረት የተሠራውንም ዕቃ የድኻ ዕቃ ነው ብሎ የሚያቃልል ብዙ ነው። ሥራውን ንቀን ጥቅሙን መፈለግ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

የነገሩን ክብደት ለማስተዋል የቆሼን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ይህ ስፍራ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ ሲጣልበት የኖረ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በአጠገቡ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ከ110 በላይ የሆኑ ሰዎችም ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ስለ እነርሱም የ3 ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ። ያ ክምር ከሌላ አገር የመጣ አይደለም። ከየቤታችን፤ ከየሱቁና ከየመሥሪያ ቤቱ በከረጢትና በማዳበሪያ እየተሞላ የወጣ ነው። የአንዱ ቤት ጥራጊ ትንሽ ቢመስልም ተጠራቅሞ ተራራ ለመሆን የሚያንስ አይደለም።

እንግዲህ ከቤተ ሰብ የሚፈለገው ሥራ ከባድ አይደለም፤ መለየት ብቻ ነው። ከቤት ከሚወጣው ጥራጊ የሚበዛው የምግብ ትራፊና የአትክልት ልጣጭ ስለ ሆነ፤ ይህን ለብቻው አጠራቅሞ ለጓሮ ማዳበሪያ ማድረግ ይቻላል። ወረቀት፤ ጠርሙስ፤ ጣሳና ፕላስቲክ ግን ደረቅና ንጹሕ ሆነው ለየብቻ ቢቀመጡ ገዢ ያገኛሉ። ወጥ የፈሰሰበት ወረቀት ለማንም አይረባም፤ በልጣጭ ውስጥ የተሰወረ ስባሪ ጠርሙስም የለቃሚውን እጅ ያቈስላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቤቱ ኀላፊ ዳግመኛ የሚያገለግለውን ከሚጣለው እንዲለይ ያዘዘውም ስለዚህ ነበር። ሕግ ግን በወረቀት ተጽፎ ብቻ አይሠራም፤ የሚፈጸመው በየማድቤቱ ነው።

ደግሞም ቁጠባ ከጤና ሊቀድም እንደማይገባው አጥብቀን እናሳስባለን። የተባይ መርዝ የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ውሃ፤ ወተት ወይም ጠላ ሊቀመጥበት ከቶ አይገባም፤ መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ይቀራልና። ገበሬው መርዙን ባለቀ ጊዜ ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን በመርጫው ውስጥ ጨምሮ መርጨት፤ ጀሪካኑንም ሌላ ሰው እንዳይገለገልበት መብሳት አለበት። እርሳስ የሚገኝበት የመኪና ባትሪም በመኖሪያ ቤት ሊፈታና ሊቀልጥ አይገባውም፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ ነውና። ምንጩ ካልታወቀ ቅልቅል ብረት የቀለጠ ድስትም እርሳስ ወደ ምግብ ሊያገባ ይችላል። ጎማና ፕላስቲክን ለማገዶ ማንደድም ጢሱ መርዝ ስለ ሆነ ሊተው ይገባዋል። ሁለተኛ አገልግሎት መልካም የሚሆነው ዕቃው በፊት ምን እንደ ያዘ ሲታወቅ ነው።

ስለዚህ የከተማ አስተዳደሮች ለምናለሽ ተራና እርሱን ለመሰሉ የሥራ ቦታዎች ስፍራ፤ ውሃና መብራት እንዲያሟሉላቸው፤ ትምህርት ቤቶችም ልጆች በእጃቸው መጠገንንና ማደስን እንዲለማመዱ እንዲያደርጉ ያስፈልጋል። የቤት እመቤትና አባወራም አንድ ዕቃ ከመጣላቸው በፊት፤ ለእኛ ባያገለግል ለማን ያገለግላል? ብለው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ የለመደ ቤተ ሰብ ገንዘቡን ይቈጥባል፤ ለሠራተኛው እንጀራ ይከፍታል፤ በቆሼ የታየው ኀዘንም በሌላ መንደር እንዳይደገም የበኩሉን ይረዳል።