በወይኑ መንገድ ላይ ቁልፉን ማን ይያዝ?

ዛሬ ፖለቲካ የለም፣ ዘና ብላችሁ አንብቡ። ተሳፋሪ በጠፋበት ሰዓት ተራ ይዤ የጻፍኩት ስለሆነ ትንሽ ረዘም ብሏል።

ሰሞኑን ባልና ሚስት ሆነው እረፍት ለመውጣት የሚያስቡ ወዳጆች በዝተዋል። እሰየው ነው! «አንተ መንገድ ታውቃለህ፣ የፈረንሳይን የወይን አገር በመኪና ልንዞር ነው፣ እስቲ ፕላኑን እይልን» ይሉኛል። አየዋለሁ። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ዓርብ ከፍራንክፈርት መነሳት፣ ቅዳሜ ሻምፓኝ፣ እሁድ ቡርጎኝ፣ ሰኞ ቦርዶ፣ ማክሰኞ በአልዛስ በኩል ወደ ቤት። ጎበዝ፣ ይሄ እኮ እረፍት አይደለም፣ ፈረቃ ነው! ከሻምፓኟ ከተማ ከራንስ እስከ ቦርዶ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከቦርዶ ስትራስቡርግ ደግሞ ከ900 በላይ። እንደዚህ ለመንዳት ካማራችሁ ቢያንስ ሜትሩን አብሩት፣ ገንዘብ ይገኝበታል።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። አንድ አካባቢ ምረጡ፣ አንድ ቦታ አልጋ ያዙ፣ ከዚያ በኋላ መኪናውን በተቻለ መጠን አቁሙት።

ጀርመን ለምንኖር ሰዎች አልዛስ ቅርብ ነው። ራይንን ተሻግሮ ያለ አገር ነው። የወይን መንገዱ በ1953 የተከፈተ ሲሆን፣ ከማርለንሃይም እስከ ታን 170 ኪሎ ሜትር ያህል በወይን እርሻና በትናንሽ መንደሮች መሃል ያልፋል። እኛ በአንድ ሌሊት ከዚያ በላይ እንነዳለን። ነገር ግን መንገዱ የተሠራው ቶሎ ለመጨረስ አይደለም። ኮልማር ላይ ብታርፉ ኤጊሸም 7 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሪክቪር 13 ገደማ ነው፤ ከሪክቪር ሪቦቪሌ ደግሞ 5 ገደማ። በቀን ሁለት መንደር ይበቃል። ሦስተኛውን ስትጨምሩ ጠብ ይጀመራል።

ያ አገር ከ1871 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ውስጥ በጀርመንና በፈረንሳይ መካከል አራት ጊዜ እጅ ለእጅ ተላልፏል። የመንደሮቹ ስም ጀርመንኛ የሚመስለው ግን ከዚያ በፊት ጀምሮ የአካባቢው ሰው የጀርመንኛ ዘዬ ይናገር ስለነበር ነው። ወይን የማትጠጡም አትቅሩ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጀርመኑ ንጉሥ በዳግማዊ ቪልሄልም ትእዛዝ የታደሰው የኦ-ኬኒግስቡርግ ግንብ ከተራራው ላይ ሜዳውን ሁሉ ያሳያል፤ የአካባቢው ምልክት የሆነው ሽመላም ጣራ ላይ ጎጆውን ሠርቶ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የወይን መንገድ ማለት በየመንደሩ «ቅመሱ» የሚባልበት መንገድ ነው። መኪና ይዛችኋል። ታዲያ ማን ነው የሚጠጣው?

ፈረንሳይ ውስጥ የተፈቀደው መጠን በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ነው፤ ለአዲስ መንጃ ፈቃድ ያዢዎች 0.2 ብቻ። ከ0.5 ካለፈ ቅጣቱ በመደበኛው 135 ዩሮ ነው፤ 0.8 ከደረሰ ግን ወንጀል ይሆናል፣ ፍርድ ቤት ያስቆማል። ለኛ ለታክሲ ሰዎች መንጃ ፈቃድ እንጀራ ነው። ፒ-ሻይን በየአምስት ዓመቱ ሲታደስ መዝገባችን እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ለአንድ ብርጭቆ ሪስሊንግ ብሎ የልጆቹን ዳቦ የሚያስይዝ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

«ቀምሼ እተፋለሁ» የሚል አለ። እውነት ነው፣ እዚያ ነውር አይደለም። ባለሙያዎቹም ይተፋሉ፣ መትፊያው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ግን እኛን እናውቃለን። ጠጅ ቀድቶልህ ፊት ፊትህን እያየ የሚጠብቅ አስተናጋጅ ፊት መትፋት ለሐበሻ ይከብደዋል። «ለክብራቸው ስል» እያለ ይውጣታል። ስምንት ጊዜ ለክብራቸው ሲል ክብሩን ያጣል። ስለዚህ ሕጉ ይሄ ይሁን፦ የዕለቱን ቁልፍ የያዘ አይጠጣም። አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እሷ።

እዚህ ላይ ወንዶች ትንሽ ታገሱኝ። ብዙ ጊዜ የማየው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ባል ሲጠጣ ይውልና ሚስት ሁልጊዜ ነጂ ትሆናለች፤ «አንቺ እንደሆን አትጠጪም» ይባላል፣ ጠይቋት ግን አያውቅም። ሁለተኛው፣ «መሪውን ለሷ አልሰጥም» ብሎ እሱ ብቻ ይነዳል፣ ይደክመዋል፣ ያኮርፋል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ከሁለት አንዳችሁ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ መፍትሔ አለ። ከስትራስቡርግ ኮልማር በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። አጭሯ መንገድ በወይኑ መሃል በእግርም በብስክሌትም ትሄዳለች። ታክሲም ጥሩት! የዚያ አገር ባልደረቦቻችንም እንጀራ ይብሉ እንጂ።

«አገር ቤት ቤተሰብ ገንዘብ ይጠብቃል፣ አንተ ወይን ቅመሱ ትላለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ በቀልድ አላልፈውም። እኔም እልካለሁ፣ እናንተም ትልካላችሁ፣ ይቀጥላል። ግን ስንቱን ትዳር እናውቃለን? እሱ ሌሊት ታክሲ ላይ፣ እሷ ንጋት ላይ ሆስፒታል። በር ላይ ይተላለፋሉ። «ልጁ ምሳውን በልቷል፣ ሂሳቡን ከፍያለሁ» በጽሑፍ ይላላካሉ። አሥር ዓመት እንዲህ ኖረው ልጆቹ ሲያድጉ ቤቱ ውስጥ ሁለት እንግዶች ይቀራሉ። አገር ቤት የተሠራው ቤት ለክፍፍል ፍርድ ቤት የሚሄደው ያን ጊዜ ነው። ታዲያ ሦስት ሌሊት አብሮ መውጣት ብክነት ነው ወይስ ጥገና? መኪናችንን በየጊዜው ዘይት እንቀይርለታለን፣ ማንም «አባከንክ» አይለንም።

ወጪውንም መቀነስ ይቻላል። ታኅሣሥ ላይ በገና ገበያ ምክንያት ሰው ይበዛል፣ አልጋም ይወደዳል። ነሐሴ ላይ ደግሞ የፍልሰታን ጾም የምትይዙ ወይኑን በዓይን ብቻ ልታዩት ነው። መስከረም ጥሩ ነው፤ ወይን የሚለቀምበት ወር ነው፣ እንቁጣጣሽም የሚውለው በዚያው ሰሞን ነው። ብዙ ቦታ በምሳ ሰዓት ይዘጋል፣ እሁድም ላይከፍቱ ይችላሉ፤ አስቀድማችሁ ደውሉ። ከትናንሾቹ አምራቾች ዘንድ ከሄዳችሁ ካርቶን ሙሉ የመግዛት ግዴታ የለባችሁም፣ አንድ ሁለት ጠርሙስ መግዛት ግን ጨዋነት ነው። መንገድ ላይም አውቶባን መስሏችሁ እንዳትረግጡት፤ በአውራ ጎዳናው ወሰኑ 130 ነው፣ ሲዘንብ 110። ከከተማ ውጭ ባሉት ጠባብ መንገዶች ብዙ ጊዜ 80።

ወይን ለኛም ባዕድ አይደለም። የፈረንሳዩ ካስቴል ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ «ሪፍት ቫሊ»ን ጠምቋል። አንድ ጠርሙስ ይዛችሁ ብትሄዱና ለአልዛስ ገበሬ ብታቀምሱት ጨዋታው ይደምቃል።

ለማንኛውም፣ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ስልኩን አስቀምጡና እርስ በርስ ተጠያየቁ፦ «አንቺ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» «አንተስ ምን ያህል መንዳት ትችላለህ?» ከዚህ ጥያቄ ያልተነሳ ፕላን በኔ እምነት ገና አልተጀመረም።

የሄዳችሁበት ካላችሁ ከታች ጻፉልን፣ ለሌላው ይጠቅማል። ተሳፋሪ መጣ፣ ልሂድ። ሰላም ሁኑልኝ!