የመንግስት ወጪ ምርታማነትን የሚያሳድገው መቼ ነው? የሳዑዲ አረቢያ ተሞክሮ

ሳዑዲ አረቢያ ለ2025 ባጸደቀችው በጀት 1.285 ትሪሊየን ሪያል ወጪ ስትመድብ፣ ገቢዋ ከዚህ በ101 ቢሊየን ሪያል እንደሚያንስ አስቀድማ አስታውቃ ነበር። ጉድለቱ የታሰበበት ነው፤ በ2016 ይፋ የተደረገው “ራዕይ 2030” ሀገሪቱን ከነዳጅ ጥገኝነት ለማላቀቅ መንግስት ቀድሞ መዋዕለ ንዋይ ማፍሰስ አለበት በሚል መነሻ የተቀረጸ ነውና።

ይሁንና ወጪ ሁሉ አንድ አይነት ፍሬ አያፈራም። መንግስት ለቢሮ ሰራተኛ ሲቀጥርም ሆነ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ወጪው በዓመቱ የሀገር ውስጥ ምርት ስሌት ውስጥ ይገባል። ልዩነቱ የሚገለጠው በቀጣዮቹ ዓመታት ነው። ደመወዙ በየዓመቱ ካልተከፈለ ውጤቱ ይቆማል፤ ሐዲዱ ግን በአግባቡ እስከተያዘ ድረስ የሌሎችን ስራ እያቀለለ ይኖራል።

በ2018 አገልግሎት የጀመረውና መካን ከመዲና የሚያገናኘው 450 ኪሎ ሜትር ገደማ የሐረመይን ባቡር የሐጅና የዑምራ ተጓዦችን ጊዜ ይቆጥባል። በታህሳስ 2024 የተከፈተው የሪያድ ሜትሮም በስድስት መስመሮችና በ176 ኪሎ ሜትር ርዝመቱ፣ በመንገድ መጨናነቅ የሚባክነውን የስራ ሰዓት ለመመለስ የታለመ ነው። ምርታማነት ማለትም ይኸው ነው፤ አንድ ሰራተኛ በአንድ ሰዓት የሚያስገኘው ውጤት ማደግ።

ስጋቱ ያለው ወጪው በነዳጅ ዋጋ ላይ በመንጠልጠሉ ነው። ከ2014 በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲያሽቆለቁል ለስራ ተቋራጮች የሚፈጸመው ክፍያ ዘግይቶ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ ሀገር ሰራተኞች ለወራት ያለ ደመወዝ ቆይተዋል። በ2018 በ5 በመቶ የተጀመረው የተጨማሪ እሴት ታክስም በሐምሌ 2020 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። ታክሱን ዜጋውም ስደተኛውም በየገበያው ይከፍለዋል።

ስለዚህ በባህረ ሰላጤው ሀገራት ሰርተው ቤተሰብ ለሚያስተዳድሩ ወገኖች የበጀት ዜና የሩቅ ወሬ አይደለም። ሊመዘን የሚገባውም የተመደበው ገንዘብ ብዛት ሳይሆን፣ ስንቱ ፕሮጀክት ተጠናቆ አገልግሎት ሰጠ፣ የግሉ ዘርፍስ ያለ መንግስት ድጎማ ስንት ሰው መቅጠር ቻለ የሚለው ነው። ወጪው እነዚህን ካላስገኘ ለመጪው ትውልድ የሚተላለፈው እዳው ብቻ ይሆናል።