ከገፈርሳ የሚመጣው እንጨት ለምን ይባክናል?

ስለ አገራችን እድገት ሲነሣ ስለ ታላላቅ ግድቦችና ስለ ፋብሪካዎች ብዙ ይነገራል፤ እኛም ተማሪዎች ስንወያይ ይህንኑ እናበዛለን። ነገር ግን በአምቦ መንገድ ከአዲስ አበባ ወጥተን እስከ ገፈርሳ ብንዘልቅ፣ በውሃው ማጠራቀሚያ አካባቢ የቆመው ባሕር ዛፍ ሌላ ጥያቄ ያነሣብናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ዋና ከተማይቱን ከማገዶ ችግር አድኗታል። እንጨቱ ዛሬም በዳቦ ቤቶች፣ በየተቋሙ ወጥ ቤትና በትናንሽ ቦይለሮች ውስጥ ይነዳል። ታዲያ ከሚነደው ስንቱ ለሥራ ይውላል? ስንቱስ ጭስ ሆኖ ይቀራል?

ጉዳዩን ከሥሩ እንመልከተው። አሁን ከተቆረጠ ባሕር ዛፍ ክብደት ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እንግዲህ 100 ኪሎ እርጥብ እንጨት የገዛ ሰው 50 ኪሎ ውሃ ገዝቷል ማለት ነው። እሳቱም በመጀመሪያ ያንን ውሃ ማትነን ግድ ይሆንበታል፤ ለዚህ ብቻ ከእንጨቱ ሙቀት ከሰባት እጅ አንዱ ያህል ይጠፋል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የቀዘቀዘ እሳት እንጨቱን አሟጦ ስለማያነድ ጭሱ ይበዛል፤ ጥላሸቱም በቦይለሩ ቧንቧዎች ላይ ተጋግሮ ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳይገባ ይከለክላል።

ሁለተኛው ምክንያት አየር ነው። አየር ካነሰ እንጨቱ ይጨሳል፤ ከመጠን በላይ ሲበዛም ሙቀቱን ይዞ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ገፈርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ፣ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በጠረፍ አገር ተፈትኖ የመጣ ማንደጃ የአየር መግቢያው ሳይስተካከል እዚህ ቢተከል፣ መጨሱ ሊያስደንቀን አይገባም።

ማገዶን መቆጠብ እንደሚቻል በአገራችን ማስረጃ አለ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተፈለሰፈው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ ነው። እሳቱን ከቦ ከነፋስ በመጠበቁ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ለምጣድ የተቻለው ለቦይለር የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም። ኤሌክትሪክ ሲስፋፋ ማገዶ ይቀራል የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ እስኪቀር ድረስ ግን ዛፉ መቆረጡ አይቀርም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ማገዶ የሚገዙ ተቋማት እንጨቱን አስፈልጠው ዝናብ በማይደርስበትና ነፋስ በሚያገኘው መጠለያ ለጥቂት ወራት ያድርቁት። ሁለተኛ፣ አመዱና ጥላሸቱ በየጊዜው ይጠረግ፤ የአየር መግቢያውም የሚከፈትና የሚዘጋ በር ይበጅለት። ሦስተኛ፣ የቴክኖሎጂ መምህራኖቻችን ይህን ለተማሪዎቻቸው የጥናት ሥራ አድርገው ይስጡ። የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ሰዓት ብቻ ነው፤ ስንት ኪሎ እንጨት ስንት ሊትር ውሃ እንዳሞቀ ተለክቶ ይጻፍ።

ይህ ጥቃቅን ነገር የሚመስለው ካለ፣ በእንጦጦ ቁልቁለት እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶችና እኅቶች ይመልከት። በከንቱ የሚጨስ ፍልጥ ሁሉ የአንድ ሰው ድካም አለበት። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንማረው ስለ ሙቀት የሚናገር ትምህርት ወጥ ቤት ገብቶ ይህን ሸክም ካላቀለለ፣ መማራችን ለማን ነው?